ለሱ ኮፒው ይበቃዋል

«ለሱ ኮፒው ይበቃዋል» አለ ወንድሜ። የነገረው ለእኔ አልነበረም፤ ለሚስቱ ነው። እኔ ከዙሪክ ተነሥቶ በበርን በኩል ወደ ጄኔቫ በሚሮጠው ባቡር ላይኛው ፎቅ ተቀምጬ፣ እሱ «በል ቻው» ብሎኝ ሳይዘጋው የቀረውን ስልክ አዳምጥ ነበር። ጨዋ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ በራሱ በኩል ይዘጋል። እኔም ልዘጋ ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ጣቴ ቆመ። የቧንቧ ውሃ ይሰማል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ከዚያ የወርቅውሃ ድምፅ መጣ። «ይልማ ያቺ የሰጠኸው ነገር ታንጠባጥብብኛለች ሲል ነበር፤ ኦሪጂናል አይደለችም እንዴ?» «የምን ኦሪጂናል? ከቻይና ነው ያስመጣሁለት፣ ሃያ ስምንት ፍራንክ።» «መቶ ዘጠና ነው ብለኸው አልነበር?» ያን ጊዜ ነው ያንን ያለው። «ለሱ ኮፒው ይበቃዋል። ልዩነቱን የት ያውቀዋል?» ወርቅውሃ ሳቀች። ብዙም አልሳቀችም፣ እንዲያው በአፍንጫዋ ነው፤ ግን ሳቀች።

ነገሩ የቬፕ፣ የኤሌክትሪኩ ሲጋራ፣ ነገር ነው። እንፋሎቱን የምታወጣው የላይኛዋ ብረት፣ አቶማይዘር የሚሏት። አጭሰው የሚጥሏት ዓይነት አይደለችም፤ ፈትተህ፣ ሽቦዋን ራስህ ጠምጥመህ፣ በሽቦው ውስጥ ጥጥ አሳልፈህ፣ መልሰህ የምትገጥማት ናት። ስሙ ወዳጄ የሚባለው ወንድሜ ኦሪጂናሏ አለችው። ባለፈው ኅዳር ለእኔም «እንደኔው» ብሎ አንድ ሰጠኝ። እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ አልሰጠኝም። ወገቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ በተኛ ጊዜ የዓመት ፈቃዴን አራቱንም ሳምንት ጄኔቫ ዳር ቬርኒዬ፣ እሱ ቤት ነው የጨረስሁት። ካልሲውን አጥልቄለታለሁ፣ ሽንት ቤት ደግፌ ወስጄዋለሁ፣ እሱ ሲያንቀላፋ ደግሞ ሳሎኑንና ኮሪደሩን ቀለም ቀብቼለታለሁ። ወደ ዙሪክ ልመለስ ስል ትንሿን ሣጥን በሁለት እጁ አቀበለኝና «አንተ ኦሪጂናል ይገባሃል» አለኝ። ባቡር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አለቀስሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለሃያ ስምንት ፍራንክ ዕቃ አለቀስሁ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ አለ። ዙሪክ ዳር ሽሊረን መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ሌዊ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አገላብጦ አያትና ኮፒ ናት አለኝ። ኦሪጂናሎቹ ከሥራቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተቀርጾባቸዋል፤ ኮፒዎቹ ግን ሁሉም አንድ ቁጥር ነው ያላቸው፣ 0256። ስልኩን አውጥቶ የሦስት ሰዎች ዕቃ ፎቶ አሳየኝ፤ ሦስቱም 0256። የኔንም ገለበጥኋት፤ 0256። ዓይኔ እያየ «ወንድሜ አይዋሸኝም» አልሁት። የቀናብኝ መስሎኝ ያልሆነ ነገር ተናገርሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ለየብቻችን ነው ምሳ የምንበላው፤ ሌዊ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ሎዛን ላይ ሐይቁ ብቅ ሲል በባቡሩ ያለ ቱሪስት ሁሉ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ሐይቅም አላየሁም። ይሄን ወንድሜን ምን ባደርገው ነው የሚቆጨው እያልሁ ነበር የማስበው።

የቀኑን ክፋት አስቡት። ወዳጄን ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ የምፈልገው ያን ዕለት ነበር። ከዐሥር ሰዓት በፊት ሽማግሌ ይዞ ሉሉን ሊጠይቅልኝ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ እሱ በዐሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው፤ ያለ እሱ ሽማግሌ የሚመራልኝ የለም። ሉሉ ጄኔቫ ዳር ሜራን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሁለት ዓመት ተጠባብቀናል፤ እሷ ሥልጠናዋን እስክትጨርስ፣ እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ። አባቷ አቶ ፊሊጶስ ጴንጤ ናቸው፣ ከአጥባቂዎቹ፤ የትንባሆ ሽታ ያለበት ሰው ሳሎናቸው አይቀመጥም። ሉሉ ግን ሌላ ናት። «እኔን የሚያስፈራኝ ጭሱ አይደለም፣ መዋሸትህ ነው። ካልተውህ አልተውሁም በለኝ» ብላኝ ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ ትቻለሁ አልኋት። እሷም እንደነገርኋት ለአባቷ ነገረች፤ ለወዳጄም ያንኑ ነው ያልሁት። ያቺ ኮፒ ግን ያን ጊዜም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ኮርናቫን ጣቢያ ወዳጄ መኪናውን በማይቆምበት ቦታ አቁሞ ጠበቀኝ። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሹፌር ነው፤ ፖሊሱን በእንግሊዝኛ እያናገረ ሲስቅ ደረስሁ። ክሬም ቀለም ያለው ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ለእኔ ብሎ ዘጠና ፍራንክ አውጥቶ ላውንደሪ እንዳስገባው በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ዛሬ ሰው አደርግሃለሁ» አለኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ አልሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ቬርኒዬ አልተነጋገርንም። እሱ ሬዲዮ ይሰማል፤ እኔ አንገቱን በጎን አያለሁ። ኦፕራሲዮን በሆነ ጊዜ ያን አንገት በሞቀ ፎጣ እጠርግለት ነበር።

ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ነው። የቀባሁት ኮሪደር አሁንም ያበራል። ወርቅውሃ ስታየኝ ሦስት ጊዜ ሳመችኝና ሩዝ በአትክልት አቀረበችልኝ። በስልክ የሰማኋትን ሴት ፊቷ ላይ ፈለግሁ፣ አላገኘኋትም። «ክሳ ክሳ ብለሃል፤ ዙሪክ አይበላም እንዴ?» አለች። ውድ ነው አልኋት። ጄኔቫ ይብሳል ብላ የቲማቲም ዋጋ ነገረችኝ፤ ፈረንሳይ ድንበር ተሻግራ እንደምትገዛ፣ የዛሬ ሳምንት ሥጋ ከተፈቀደው በላይ ይዛ ድንበር ላይ እንዳስቆሟት። እየበላሁ አዳመጥኋት። ወዳጄ በዚህ መሐል ከመኝታ ቤት ወጣና ቬፑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጣት። «ሽቦዋ ተቃጥሎ እሳት እሳት ትለኛለች። እስቲ እንደምታውቀው አድርጋት፣ ዛሬ ሐሳብ ይዞኛል።» ይሄ ልማዱ ነው። ኦሪጂናሏን ገዛ እንጂ ሽቦ መጠምጠም አይችልም፤ ጄኔቫ በመጣሁ ቁጥር የማድሰው እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ደግሞ ቬፕ እንደሚያጨስ ማንም አያውቅም። ሰገነት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ ነው የሚስባት። በጥቅምት ዲያቆን ሆኖ ሊሾም ነው።

ወርቅውሃ የራሷን ልብስ ልትተኩስ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁና የሱን ፈታኋት። ጥጡ ጠቁሮ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። በወረንጦ ስቤ አወጣሁት፣ ብረቷን በሞቀ ውሃ አጠብኋት፣ በወረቀት አደረቅኋት። አዲስ ሽቦ ስድስት ዙር ጠመጠምሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በብሎን አሰርሁ፣ አግዬ አየሁት፤ ከመሐል ወደ ዳር እኩል ቀላ። ጥጥ በጣቴ ሸርቤ አሳለፍሁ፣ ጫፉን በመቀስ ከረከምሁ። እጄ ያውቀዋል፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ስጨርስ ከሥሯ ያለውን ቁጥር አየሁ፤ 1873። የኔን ከኪሴ አወጣሁና አጠገቧ አቆምኋት። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ያው ብር መሳይ ቀለም፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ጥቁር አፍ። ልዩነቱን የት ያውቀዋል ያለው ትዝ አለኝ። እስቲ አንተ ታውቀው እንደሆነ አልሁ በሆዴ።

ቀየርኋቸው። በዚህ ብቻ ብበቃ ኖሮ ቀልድ ነበር። የኔዋ ማንጠባጠብ ከተወች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ዙሪክ ሁለት ፍራንክ ከሃምሳ ከፍዬ ጠንካራ ቀጭን የጎማ ቀለበት ገዝቼላት ነበር። ያን ጎማ በመርፌ አወጣሁት። በቦታው ከሣጥኗ ጋር የመጣውን የላላውን ቀለበት መለስሁባት፤ ለምን እንዳልጣልሁት ያን ዕለት ገባኝ። ከዚያ የሱን ማንጎ የሚሸት ፈሳሽ እስከ አፏ ሞላሁና የሱ ባትሪ ላይ ገጠምኋት። ቆማ እያለች ምንም አትሆንም። በጎኗ ስትተኛ፣ በዚያ ላይ ሙቀት ካገኘች፣ እንደ ተቀደደ ላስቲክ ታፈሳለች። እሱ ደግሞ መኪና ሲነዳ ጭኑ ሥር ነው የሚወትፋት። የፈለግሁት ያ ክሬም ሱሪ መንገድ ላይ እንዲረጥብና ልብስ ልቀይር ብሎ ወደዚሁ እንዲመለስ፣ ከዚያ እኔ ቀስ ብዬ «ጋሼ፣ ኦሪጂናል እንዲህ ያንጠባጥባል እንዴ?» እንድለው ነበር። እስክጠይቀው ቸኮልሁ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ደህና አየር የሳብሁት።

ምድር ቤት መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳይመጡ፣ ወዳጄ ቬፑን አወጣና ሁለት ጊዜ ሳበ። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ትንፋሼን ያዝሁ። «እንዴት አድርገህ ነው የሠራሃት? እንዲህ ጣፍጣኝ አታውቅም» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ኦሪጂናል ነገር ጣዕሙ ራሱ ይለያል» ብሎ ጨመረ። ሳቄን ለመሸሸግ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልሁ። ጋሽ ሙጃሂድና ወንድም ቃለጽድቅ ተከታትለው ደረሱ። ጋሽ ሙጃሂድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የጄኔቫ ሰው እስላምም ይሁን ክርስቲያን ሽማግሌ ሲልክ እሳቸውን ሳይዝ አይሄድም። ቃለጽድቅ የወዳጄ ጉባኤ ጸሐፊ ነው፤ ሲያወራ ዓይንን ትክ ብሎ የሚያይ ሰው። ወዳጄ እሱን ሲያይ ቬፑን ጭኑ ሥር አልወተፋትም፤ ፈጠን ብሎ ሱሪው ኪስ ከተታት። እንግዲህ መንገድ ላይ ሳይሆን ሰው ቤት ልታፈስ ነው። ግን ምን ልበል? «ጋሼ እቃህን ስጠኝ» ልበለው፣ ቃለጽድቅ ፊት? ልለውም እችል ነበር፤ በስልክ ላይ የሰማሁት ሳቅ ነው አፌን የያዘው።

ሜራን ከአራት ፎቆች መሐል ባለ ሣር ሜዳ ዳር ቆምን። ሽማግሌ ሲሄድ የሚያገባው ልጅ አብሮ አይገባም፤ ሦስቱ ወጡ፣ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። የሉሉ ቤት ሦስተኛው ፎቅ ነው፣ የሳሎናቸው መጋረጃ ተሰብስቧል። ሩብ ሰዓት ሄደ። የወንድሜን ኦሪጂናል አወጣሁና መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሳብኋት። ይሻላል? ይሻላል፣ ትንሽ። መቶ ስልሳ ፍራንክ የሚያወጣ መሻል ግን አላገኘሁበትም። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሱሪው አልረጠበም ይሆናል፣ ተመስገን፣ ሌላ ቀን እበቀለዋለሁ አልሁ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙጃሂድ ብቻቸውን በሩን ከፍተው ሲወጡ አየሁ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘውታል። ኦሪጂናሏን ኪሴ ውስጥ ቀበርኋት።

ከኋላ ወንበር ገብተው በሩን ዘጉ። «ልጄ፣ ነገሩ ጥሩ ጀምሮ ነበር» አሉኝ። «ቁጭ በሉ አሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ስሙን አሉን፣ ተቀመጥን። ወላሂ ወንድምህ አሳመረው፤ ዘርህን ቆጠረ፣ ሥራህን ተናገረ፣ አቶ ፊሊጶስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። የልጅቷ እናት ወይዘሮ ትርፍነሽ ድንገት ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ አለች። ነጭ ሶፋ ነው ያላቸው። ወዳጄ ብድግ ቢል ሱሪውም ሶፋውም አንድ ላይ ቢጫ ሆኗል፤ ያቺ ነገር ከኪሱ ዱብ አለች። ይሄ ምንድን ነው ሲሉት ምን አለ መሰለህ? የኔ አይደለም፣ የይልማ ነው፤ ሱሱን እንዲተው ብዬ ዛሬ ጠዋት ከእጁ ቀምቼው ነው አላቸው።»

አቶ ፊሊጶስስ አልኋቸው። «ከፋሲካ ጀምሮ ትቻለሁ ብሎ ልጄን ሲዋሻት ኖሯል ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ አላቸው። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እናስብበት ተባልን፤ ያው እናስብበት ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።» ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልናገር? ወንድሜ ሊዋሽ ብሎ እውነቱን ተናግሯል። ዕቃው የኔ ነው። ዋሽቻታለሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እውነቱን የማያውቀው ራሱ የተናገረው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱ በእኔ ላይ በሐሰት የመሰከረ መስሎታል።

ወዳጄ ወረደ። ቃለጽድቅ እዚያው ቀርቷል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ መሪውን ያዘ፣ መኪናውን ግን አላስነሣም። ሱሪው ከኪሱ እስከ ጉልበቱ ተነክሯል፤ መኪናው በማንጎ ታፈነ። ወደ እኔ ሳይዞር «ሌላ መውጫ አልነበረኝም» አለ። «ቃለጽድቅ ፊት ነው። የጥቅምቱን ታውቀዋለህ። አንተ ገና ነህ፣ ይቅር ይሉሃል፤ ሰንበትበት ብዬ እመለስልሃለሁ።» ይህን ሲል እንኳን ድምፁ ያው የታላቅ ወንድም ድምፅ ነው። ለራሱ ኦሪጂናሉን ስም አስቀረ፣ ለእኔ የተረፈውን ሰጠኝ። የሰማሁት ቃል እንደ አዲስ ተናደፈኝ። ስልኬ ጮኸ። ሉሉ ናት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ማድረግ እችል ነበር። ድምፁን ከፍቼ ሁለቱ ሰዎች እንዲሰሙ በመሐላችን አቆምሁት። «ይልማ» አለች፤ አልቅሳለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ያ ዕቃ ያንተ ነው?» አዎ ብላት እንደምትጮህብኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ ምናልባት፣ ምናልባት፣ እውነቱን ስለነገርኋት ትመለስልኝ ይሆናል። እሷ እንደሱ ናት። ቀና ስል የወንድሜን አንገት አየሁ፤ ላብ አውጥቷል።

«የኔ አይደለም» አልኋት። «የሱ ነው። እኔ ከፋሲካ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። ጋሼ ግን በድብቅ ያጨሳል፤ ስንት ዓመት ሆነው።» ኦሪጂናሏ ጭኔ ላይ ገና ትሞቃለች። ማል ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሉሉ ግን «እሺ፣ አምኜሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ወዳጄ አልተቆጣም። ዋሸህ አላለኝም፤ እንዴት ይበለኝ? እሱ የሚያውቀው እውነት እኔ የተናገርሁት ነው። ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ጋሽ ሙጃሂድ ከኋላ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እውነት ነው?» አሉት። አዎ አለ። «እንግዲያው ተነሥ። ሽማግሌ ሆነህ ገብተህ ዋሽተህ አትሄድም። እኔንም አብረህ አስዋሽተኸኛል፤ ሰባ ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላውቅም። አሁኑኑ ወጥተህ ታስተካክላለህ።» ወዳጄ በሩን ከፍቶ ወረደ። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ከሕንፃው በር አጠገብ ካለው የአበባ መደብ ሄዶ ዳር ዳሩን ከተደረደሩት ነጫጭ ድንጋዮች ትልቁን አነሣ። ያ ኦፕራሲዮን የሆነ ወገቡ ሲያቃስተው ከመኪናው ውስጥ ታየኝ። አንገቱ ላይ አስቀመጠው። አገር ቤት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲያ ሲያደርግ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ሜራን አላየሁም። የሕንፃው ጠባቂ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ ድንጋዩን እንዲመልስ በፈረንሳይኛ ጮኸችበት፤ እጇን እያወናጨፈች እስከ በሩ ተከተለችው። በዚያ በረጠበ ክሬም ሱሪ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሊፍት ገባ። ጋሽ ሙጃሂድ ኮፍያቸውን አድርገው ተከተሉት።

የፈለግሁት ይሄን ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ልፈልግ? ጥዋት ባቡር ውስጥ ማንም ቢነግረኝ አልቀበለውም ነበር። ደስ ብሎኛል ብዬ ለራሴ ነገርሁት፣ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ቢወድቅስ አልሁ። ሐኪሙ ከዐሥር ኪሎ በላይ እንዳያነሣ ብሎታል፤ ወረቀቱን ያነበብሁለት እኔ ነኝ።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተከፍቶ እልልታ ተሰማ። አንድ ነጭ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ ቆሞ ወደ ላይ አየ። ወዲያው የሉሉ መልእክት መጣ፤ «እሺ ብለዋል። ወንድምህ እግራቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም ነገራቸው። አባዬ አለቀሰ። ስለተጠራጠርሁህ ይቅርታ።» ያንን መጨረሻውን አራት ጊዜ አነበብሁት። ቃለጽድቅ ቀድሞ ወረደ፤ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝና፣ ወዳጄን እንደማይጠብቀው፣ በአውቶቡስ እንደሚሄድ ነገረኝ። የጥቅምቱ ነገር እንዳበቃ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወዳጄ ድንጋዩን ቦታው መልሶ፣ እጁን በሱሪው ጠራርጎ መጣ። አንገቱ ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቶበታል። መኪናው ውስጥ አልገባም፤ በኔ በኩል መስኮቱ ጋ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ያነሰ መሰለኝ። ከጃኬቱ ኪስ በወረቀት መሐረብ የተጠቀለለች ነገር አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «ከዛሬ ወዲህ አልነካትም» አለኝ። «ይልማ፣ ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት የሰጠሁህ ኮፒ ነው። መቶ ዘጠና አልኩህ፣ ሃያ ስምንት ነው። ተንሰፍስፈህ አስታመኸኝ እኔ ኮፒ ሰጠሁህ። ይቅር በለኝ። ይቺኛዋ ኦሪጂናሏ ናት። አንተ ትተኸዋል፣ አውቃለሁ፤ እንግዲህ ሽጣት። ጥሩ ዋጋ ታወጣልሃለች።»

ወረቀቱን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሯ 0256 ይላል። እንደሰማሁት ልነግረው ፈለግሁ። ባቡር ላይ፣ ስልኩን ሳይዘጋ፣ ወርቅውሃ በአፍንጫዋ ስትስቅ፤ ዕቃዎቹን የቀየርሁት፣ ጎማውንም ያላላሁት እኔ መሆኔን፣ እንዲያውቅልኝና እንዲያንገበግበው ፈለግሁ። የሱ ዓይን ግን እንባ አቅርሯል። በሕንፃው በር ሉሉ ነጠላዋን ደርባ ወደ እኛ እየመጣች ነበር።

«እሺ ጋሼ» አልሁት። ተቀበልሁትና ከኦሪጂናሏ ጋር አንድ ኪስ ከተትኋት። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ጉንጬን ሳመኝ።